ፀሐይን የሚያዘው እንሽላሊት

ተረት ልንገራችሁ፤ ብትስቁ በእንሽላሊት ሳቁ፣ ቅር ካላችሁ ግን ራሳችሁን ጠይቁ።

ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ትልቅ ቤት ሳሎን፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚኖር ጮራ የሚባል ወፍራም እንሽላሊት ነበር። የቤቱ እመቤት ከባሕር ማዶ ያስመጣችው ነውና አያያዙ ልዩ ነበር። የሚያሞቅ አምፖል ከራሱ በላይ ተሰቅሎለታል፤ ፌንጣው ለአጥንት የሚበጅ ነጭ ዱቄት ተነስንሶበት ከአፉ ሥር ይቀርብለታል። ጠዋት ሲነቃ አምፖሉ ይበራል፤ ማታ ሲተኛ ይጠፋል። ጮራም «ፀሐይ የምትወጣው እኔን ብላ ነው» እያለ ልቡ ያብጥ ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ትንኝና ዝንብ እያደኑ የሚኖሩ የግድግዳ እንሽላሊቶች ነበሩ። አለቃቸውን ድመት በበላችባቸው ማግስት ከቁም ሣጥኑ ኋላ ሸንጎ ተቀመጡ።

«ማንን እንሹም?»

«ፀሐይ የምትታዘዝለትን ጮራን ነዋ!» አለ አንዱ አፈ ጮሌ።

አሮጊቷ እትዬ ዳምጤ ብቻ፣ «ኧረ ልጆቼ፣ መጀመሪያ ዝንብ መያዝ ይችል እንደሆነ ጠይቁት» አሉ። ሰሚ ግን አላገኙም።

እመቤቲቱ ሣጥኑን ስትጠርግ ክዳኑን ሳትገጥም ሄደች፤ ጮራም ወጥቶ ተሾመ። ወዲያው ዐዋጅ አስነገረ፦ «የተከበረ ሁሉ በቀን ፀሐይ ይሞቃል፤ ዱቄት ያልነካው ምግብም አይበላም!»

ዱቄት ከየት ይምጣ? የግድግዳውን ኖራ እየፋቁ በዝንቡ ላይ ነሰነሱ። የልጆቻቸው ሆድ ተነፋ። በጠራራ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ተሰጥተው ሳሉ ድመቷ ደረሰችባቸው፤ ብዙዎቹ ጅራታቸውን ጥለው አመለጡ። ጮራም ፌንጣ ራሱ መጥቶ እስኪገባለት አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ከሳ። ግን አለቃ ራበኝ ይላል እንዴ?

አንድ ዝናባማ ጠዋት መብራት ጠፋ። እንሽላሊቶቹ እየተንቀጠቀጡ መጡ።

«አለቃችን፣ እባክዎ ፀሐይዎን ያውጡልን!»

ጮራ ተኛ፤ ነቃ። ጨለማ ነው። እንደገና ተኛ፤ ነቃ። ምንም የለም። «ዛሬ አኩርፋለች» አለ። ብርዱና ረሃቡ አድክመውት ኖሮ፣ በመጨረሻ የምር እንቅልፍ ወሰደውና አንኮራፋ።

ያን ጊዜ ከደጅ ልጆች «መብራት መጣ!» ብለው ጮኹ፤ አምፖሉ በባዶው ሣጥን ላይ ቦግ አለ።

እትዬ ዳምጤ ጎኑን ጎሰም አደረጉት። «ተነሥ አንተ! ፀሐይህ ሳታስፈቅድህ ወጣች።»

ጮራ አምፖሉን አየ፤ ጅራት አልባ ሕዝቡን አየ፤ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋውን የእትዬ ዳምጤን የልጅ ልጅ አየ። ሀፍረቱ ከብርዱ ባሰበት። ከዚያ ሳቅ አመለጠው።

«እኔ ስለ ፀሐይ የማውቀው ሲሞቀኝ ደስ እንደሚለኝ ብቻ ነው። ዱቄቱም ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ልጆቹን ኖራውን አስተፏቸው። ዝንብ እንኳ ይዤ አላውቅም።»

«ግድግዳው ላይ አንዷ አለችልህ፤ ሞክራት» አሉት።

ተንጠላጠለ፤ እግሩ ከዳው፤ በሆዱ ዘጭ አለ። ዝንቧ መጥታ አፍንጫው ላይ ዐረፈች። ቀድሞ የሳቀው እሱ ራሱ ነበር። ሹመቱን ትቶ ወደ ሣጥኑ መንፏቀቅ ጀመረ።

ሸንጎው ወዲያው ዳግም ተቀመጠ። ያው አፈ ጮሌ ተነሣና፣ «ለካ ተሳስተን ኖሯል! አምፖሉ የሚበራው በገዛ ሥልጣኑ ነው። እንግዲያው አምፖሉን እንሹመው!» አለ። አጨበጨቡለት።

ጮራ ከሣጥኑ ጠርዝ ዘወር ብሎ፣ «ሹሙት» አላቸው። «ከእኔ ይሻላል፤ እሱ እንኳ ሲጠፋ መጥፋቱ ይታያል።»