የእድራችን ሕዝበ ውሳኔና የእኔ አቤቱታ

ሕዝበ ውሳኔ የሚባል ነገር አንድ አመል አለው፤ ውጤቱ ለተሸናፊው አይዋጥለትም። ሬዲዮ ስትከፍቱ አንዱ አገር ሕገ መንግሥቱን በድምፅ ለውጦ፣ በሳምንቱ ተሸናፊው ፍርድ ቤት በር ላይ ነው። እኔም «ተሸንፈህ የለ? አርፈህ ተቀመጥ እንጂ!» እል ነበር። የእኛ እድር ደንቡን እስኪለውጥ ድረስ ነው ታዲያ።

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ባለው እድራችን፣ ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው ቤት ሦስት ቀን መቀመጥ ግዴታ ነበር። ዘንድሮ ሊቀ መንበሩ ጋሽ ደምሴ «ዘመኑ የሩጫ ነው፤ አንድ ቀን ይበቃል» ብለው ለአባላቱ ድምፅ አቀረቡ። ድምፅ ስላችሁ ጭብጨባ ማለቴ ነው። ያጨበጨበ ደግፏል፤ ያላጨበጨበ ደግሞ እጁ ጫት ይዞ ይሆናል ተብሎ ይታለፋል። እኔ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ተባለ።

አንድ ሆነ ሦስት፣ አንተን ምን አንገበገበህ ትሉኝ ይሆናል። ከጎጃም ለማስተማር ተመድቤ ሐረር ስገባ ጸጉሬ ጥቁር ነበር። ሚስቴን እዚሁ ቀብሬአለሁ፤ ልጅ አልወለድንም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳው የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱም አይቀመጥም። ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ከየጓደኛው ጋር ሲሰበሰብ ብቸኝነቱ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል። በሕይወቴ ያጣሁትን ሰው በሞቴ ሦስት ቀን ላገኘው ነበር። ሁለቱን ቀን አጨብጭበው ወሰዱብኝ።

ስለዚህ ውጤቱ ይሻርልኝ ብዬ አራት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ጋሽ ደምሴና ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ከጊደር መጋላ ገበያ ያስመጣሁትን ኦቾሎኒ እየቆረጠሙ ሰሙኝ። ጭብጨባ እንደማይቆጠር፣ ተቃዋሚም እንዳልተጠየቀ አስረዳሁ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ያስረዘምኩት እንዳይሄዱብኝ ነው።

በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምህር፣ ስለ ጭብጨባው እውነት አለዎት። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እድርተኛ የሚቀመጠው ሐዘንተኛ ለማጽናናት ነው። እርስዎ ያለፉ እንደሆነ የምናጽናናው ማንን ነው?»

አራቱንም ገጽ አገላበጥኩ። የለም።

«ለመልሱ ቀጠሮ ይሰጠኝ» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ሁለቱን ሽማግሌዎች አየት አደረጓቸው። «ይሁን፤ ቅዳሜ ከሰዓት እንመጣለን።»

መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። ቤቱን ግን ጠርጌአለሁ፤ ከጎረቤትም አንድ ወንበር ተውሻለሁ።