«ይዣለሁ ልጄ!»

ሲያናግሩት ዝም ማለት ነውር የሚመስለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ያጋጠመኝ ሲቲ ስካን ማንሣት በሥራ ላይ ስሠለጥን ነው። ማሽኑስ ቀላል ነው፤ ያስቸገረኝ የጎጃም ጨዋነት ነው!

አያ አንለይ የጅጋ ገበሬ ናቸው። ደረታቸውን ላነሣ ማሽኑ ላይ አስተኛኋቸውና ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ በማይክ፣ «አባቴ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ!» አልሁ።

«እሺ፣ ይዣለሁ ልጄ! እደግ!»

መመረቅ ደግሞ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ምስሉ ደበዘዘ። ደገምሁ።

«አሁንም ይዣለሁ! ተመንደግ!»

አሠልጣኜ ትዕግሥት ተቆጣች። «ጨረር እንዲህ አይደጋገምም! አንድ ዕድል አለህ፤ ካልሆነ ሰውየው በሕመማቸው ላይ ለሌላ ምርመራ ባሕር ዳር ድረስ ተልከው ሊንገላቱ ነው።»

ታዲያ ምን ልበል? ዝም ይበሉ ብዬ አባቴን የሚያህል ሰው ልቆጣ? ድንገት አንድ ነገር ታየኝ።

«አባቴ፣ ቀዝቃዛ ጠበል አናትዎ ላይ ሲወርድ እንዴት ይሆናሉ? እስቲ እንደዚያ ይሁኑልኝ!»

ጸጥ! ትንፋሽም የለ፣ ምርቃትም የለ። ምስሉ እንደ መስታወት ጠራ፤ ትዕግሥት እልል አለች!

አያ አንለይ ግን ከማሽኑ ወርደው ጋቢያቸውን አጣፉና፣ «በቃ፣ ጠበሉ ሠራልኝ፤ ሕመሙ ለቀቀኝ» ብለው ወደ ጅጋ ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ ደረስንባቸው።

ሐኪሙ ምስሉን ሳያይ በሽተኛ ያዳነ ሠልጣኝ ካለ እስቲ ይምጣ!