የትንሿ ትራክተር ኮፋኖ እንዴት እንደሚከፈት ለመነጋገር የተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሰኔ 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቦታ፦ ግራና ከተማ አጠገብ፣ የትምህርት ቤቱ አራተኛ ክፍል። ዴስኮቹ በጦርነቱ ጊዜ ማገዶ ስለሆኑ ጉባኤው የክፍሉን በር ነቅሎ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

ሰዓት፦ የተጠራው ለሁለት ሰዓት ነው። የተጀመረው አቶ በላይ ሲመጡ ነው።

የተገኙ፦

አቶ ዓለምነህ ይመር፣ ሰብሳቢና የአንደኛው ቁልፍ ያዥ

አቶ በላይ አራጌ፣ ገንዘብ ያዥና የሁለተኛው ቁልፍ ያዥ («ሁለተኛ» የሚለውን አልተቀበሉትም፤ አጀንዳ አንድን ይመልከቱ)

ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ቁጥጥርና የሦስተኛው ቁልፍ ያዥ

ደጀን፣ የትራክተሯ ሹፌር፤ ለማስረዳት የተጠራ፣ ድምፅ የሌለው

ቡርቱካን፣ ባለጉዳይ፤ ድምፅ የላትም፣ ሆኖም ተናግራለች

ሊዲያ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪና የሰብሳቢው የልጅ ልጅ፤ ጽሕፈቷ ይነበባል ተብላ የተመረጠች ጸሐፊ

ሦስቱም የትራክተር ኮሚቴው አባላት ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው ስብሰባውን በአጭር ንግግር ከፍተዋል። ንግግሩ ሲያልቅ ጥላው ከአንደኛው ግድግዳ ወደ ሌላኛው ደርሶ ነበር። ጸሐፊዋ ይህን ዐረፍተ ነገር እንድታወጣ ታዝዛለች፤ መታዘዟም በዚሁ ተመዝግቧል።

መነሻ

ትራክተሯ በጦርነቱ ወራት በጭድ ክምር ሥር ተደብቃ ተርፋለች። ባትሪዋ ግን አልተረፈም። ስለዚህ አዲስ ባትሪ ከተገዛላት በኋላ፣ የደብሩ ሙዳየ ምጽዋት ሦስት ሰው ካልቆመ እንደማይከፈት ሁሉ፣ የትራክተሯም ኮፋኖ፣ ማለትም የሞተሩ ክዳን፣ በፊት በኩል በሦስት ጓጉንቸር እንዲቆለፍ፣ ሦስቱ ቁልፍ ያዦችም በስብሰባ ሳይስማሙ እንዳይከፈት ኮሚቴው መወሰኑ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ባትሪው አልተሰረቀም። ዘይቱም አልታየም።

ትናንት ትራክተሯ የቡርቱካንን ማሳ እኩሌታውን አርሳ፣ ከአፍንጫዋ እንፋሎት ለቃ እዚያው ቆማለች። ማሳው ከክፍሉ መስኮት ይታያል፤ ትራክተሯም ትታያለች።

ቡርቱካን ሁለቱ በሬዎቿ በጦርነቱ እንደተበሉባት፣ ዝናቡ ከጀመረ መሰንበቱን፣ ማሽላው ዛሬ ነገ ካልተዘራ ለከርሞ ለልጆቿ የምታቀርበው እንደማይኖር አስረዳች። ጉባኤው አዘነ። ጉዳይዋም በአጀንዳ ቁጥር አራት እንዲታይ ወሰነ። አራትን ከአንድ በፊት ማድረግ አይቻልም ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ አራት ከሦስት በኋላ የሚመጣ መሆኑ በሰብሳቢው ተብራርቶላታል።

ሹፌሩ ትራክተሯ ምን እንደሆነች እንዲያስረዳ ተጠየቀ። የራዲያተሩ ፊት በገለባ ሳይደፈን እንዳልቀረ፣ እሱን አራግፎ ውሃ መሙላትና ዘይቱን ማየት እንጂ ሌላ ሥራ እንደሌለ ገለጸ። ቀጥሎም የሚከተለውን ተናግሯል፤ አቶ በላይ ይጻፍበት ስላሉ ቃል በቃል ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ይቺ ትንሽ ናት ተብላ አትናቅ። ሲሠሯት ኮፋኖዋ በአንድ እጅ ብድግ እንዲል፣ ዘይቱም፣ የአየር ማጣሪያውም፣ ራዲያተሩም ከቆምኩበት እንዲታየኝ አድርገው ነው። ጠዋት ፊቴን የምታጠብበት ጊዜ ይበቃኝ ነበር። አሁን እሷን ለማየት መጀመሪያ ሦስት ሽማግሌ ማየት አለብኝ።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ «ሽማግሌ» ሲል እሳቸውን ጨምሮ እንደሆነ ጠየቁ። ሹፌሩ ወደ ራዲያተሩ እንመለስ አለ።

አጀንዳ አንድ፦ መጀመሪያ ቁልፉን የሚያዞረው ማን ነው?

ሰብሳቢው፣ በማንኛውም ወግ ታላቅ ስለሚቀድም የሳቸው ቁልፍ መቅደም እንዳለበት አስገነዘቡ። አቶ በላይ በሐሳቡ ተስማምተው፣ ታላቁ ግን እሳቸው መሆናቸውን፣ ሰብሳቢው ክርስትና ሲነሡ እሳቸው ጥጃ ያግዱ እንደነበር ተናገሩ። ሰብሳቢው፣ ያገዱት ጥጃ የማን እንደነበር ይነገር አሉ። የጥጃው ባለቤትነት ሰፊ ውይይት ተደርጎበታል። ወይዘሮ ወርቅነሽ ሁለቱም ሲወለዱ ነበርኩ ለማለት ጀምረው፣ የራሳቸው ዕድሜ ከዚህ ሊሰላ እንደሚችል ሲገነዘቡ አቁመዋል።

ከብዙ ውይይት በኋላ ሦስቱም ቁልፎች እኩል ገብተው፣ ጸሐፊዋ ስትቆጥር እኩል እንዲዞሩ ተወሰነ። ጸሐፊዋ አሁኑኑ ሄደን አንሞክረውም ወይ የሚል ሐሳብ አቀረበች። ሦስት አጀንዳ እየቀረ ትራክተር መክፈት ጉባኤውን መናቅ ነው ተብሎ ውድቅ ሆኗል።

አጀንዳ ሁለት፦ ዘይቱን በየቀኑ ስለማየት

አቶ በላይ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከሞተሩ ወጥቶ በሳቸው ካፖርት ኪስ ቢቀመጥ በማንኛውም ሰዓት ሊታይ እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ። ሹፌሩ ዘንጉ ዘይት ውስጥ ካልገባ የሚለካው ካፖርቱን ብቻ እንደሆነ አስረዳ። አቶ በላይ ወጣቱ ትውልድ አዲስ ሐሳብ ይፈራል አሉ።

ሰብሳቢው በበኩላቸው ኮፋኖው ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ እንዲበሳ ጠየቁ። የማን ጣት የሚለው አከራካሪ ሆነ። ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ቀዳዳ ከተበሳ ለሱም ጓጉንቸር ያስፈልጋል በማለት ከቁጥጥር አንጻር አሳሰቡ።

በዚህ መሐል ቡርቱካን ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ሹፌሩም አስፈቅዶ ወጣ። የሁለቱ መውጣት በጉባኤው አሠራር ላይ ያመጣው ለውጥ የለም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዘይቱ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ትራክተሯ ለደብሩ ሰው ሁሉ በምትታይበት ቦታ እንዲታይ ተወሰነ። በሳምንቱ ውስጥ ዘይት ቢያልቅ እስከ እሑድ ትታገሥ ተብሏል።

አጀንዳ ሦስት፦ ተኩስ ቢሰማ

ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ባለፈው ጊዜ ሰብሳቢው ወደ መርሳ፣ አቶ በላይ ወደ ሐራ፣ እሳቸው ወደ ሲሪንቃ መሸሻቸውን አስታውሰው፣ ያን ጊዜ ጓጉንቸሩ ቢኖር ኖሮ ቁልፎቹ በሦስት አገር ይበተኑ እንደነበር ገለጹ። ጉባኤው በዚህ ደነገጠ። ወደፊት ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሸሹ ይሻላል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ልጃቸው ያለችበት ሲሪንቃ ይሁን አሉ። አቶ በላይ ሲሪንቃ ያኮረፏቸው አማች ስላሉ ወደዚያ ከመሸሽ ቢሞቱ እንደሚሻላቸው ተናገሩ። ሰብሳቢው፣ የሚሸሽ ኮሚቴ አማች አይመርጥም ብለው ገሠጹ።

በመጨረሻም ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ሳይለያዩ፣ ሳይቀዳደሙ፣ በእርጋታ አብረው እንዲሸሹ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ይህ ውሳኔ እየተጻፈ ሳለ ከውጭ ከባድ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ሰብሳቢው በሩ በነበረበት በኩል ወደ መርሳ፣ አቶ በላይ በመስኮት ወደ ሐራ አቅጣጫ ወጡ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ከተጋደመው በር ላይ ለመነሣት ጉልበታቸው እስኪፈቅድላቸው ጊዜ ስለወሰደ በቦታቸው ተገኝተዋል። ጸሐፊዋ ድምፁን ታውቀው ስለነበር መጻፏን ቀጥላለች።

በማሳው ላይ የቀጠለ ስብሰባ

የመጣው ድምፅ የትራክተሯ ሆኖ ተገኘ። ቡርቱካን የኮፋኖውን የኋላ ማጠፊያ ሁለት ፒኖች በፒንሳ መዝዛ፣ ኮፋኖውን ከኋላ ብድግ አድርጋ ይዛለት፣ ደጀን ገለባውን አራግፎ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ጎድሎ የነበረውን ዘይት ጨምሮ አስነሥቷል። የቀረው ማሳም እየታረሰ ነበር።

አቶ በላይ ከአጥር ሥር ተመልሰው፣ የኮሚቴውን ንብረት ማን ከፈተው ሲሉ ቡርቱካን መለሰች።

«ቁልፋችሁን አልነካሁም ጋሼ። ያው እንደተቆለፈ ነው፤ መጥተው ይዩት።»

አቶ በላይ ትራክተሯን አስቁመው ሦስቱንም ጓጉንቸር አንድ በአንድ ሳቡ። ሦስቱም ጥብቅ ነበሩ። እንዲህ ያለ አስተማማኝ አሠራር በወረዳው እንደሌለ ገልጸው ለኮሚቴው ምስጋና አቀረቡ፤ ትራክተሯም የቀረውን አርሳ ጨረሰች። ሰብሳቢው በስልክ ሲጠየቁ፣ ባጃጅ ውስጥ እንዳሉ፣ አሁን መመለስ ለሰው መሳቂያ ስለሚያደርጋቸው መርሳ ውለው እንደሚመጡ፣ በሚወሰነው ግን እንደሚስማሙ አስታውቀዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ኮፋኖው በየጠዋቱ በኋላ በኩል በሹፌሩ ይከፈታል። ሦስቱ ጓጉንቸሮች እንደተቆለፉ በክብር ይቀጥላሉ፤ ቁልፍ ያዦችም ቁልፋቸውን እንደያዙ፣ ሥልጣናቸውም እንደተጠበቀ ይኖራሉ። አጀንዳ አራት ታርሶ ስላለቀ አልታየም።

ቡርቱካን ዘሩን በቁና ይዛ፣ እግራችሁን አንሡልኝ፣ የቆማችሁት ትልሜ ላይ ነው ስላለች፣ ስብሰባው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ተበትኗል።