ምስክሬ ራሱ ዓባይነህ ነው

ሞኝ የሌለው ቀበሌ የለም። ሌላው ሁሉ ብልጥ ሆኖ እንዲኖር አንድ ሰው የግድ ሞኝ መሆን አለበት። ከዘንገና እስከ እንጅባራ ያለን ሰዎች የሞኝነት ድርሻ ብቻውን የተሸከመልን ክቡር ዓባይነህ ነው፤ ጎረቤቴ።

ወጣት ሳለሁ አንድ የሩሲያ ልብ ወለድ አንብቤ ነበር። ባለታሪኩ ክፋት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ነው። «ደራሲው አበዛው» ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት። ዓባይነህን ካወቅሁ በኋላ ግን ደራሲው እንዲያውም ቆጥቦ እንደጻፈ ገባኝ።

አንድ ጊዜ በጉ ተሰረቀች። በነጋታው ቆሰበር ገበያ ሲሄድ ሌባውን መንገድ ላይ ያገኘዋል። በጊቱ አልሄድም ብላው ሌባው ይታገላል። ክቡር ዓባይነህ ምን አደረገ? ከኋላ እየገፋ ገበያው ድረስ አደረሰለት።

«በጊቱን አላወቅሃትም እንዴ?» አልሁት።

«እንዴት አላውቃትም! ግን በሰው ፊት ላሳፍረው? ተቸግሮ እኮ ነው።»

«ተቸግሮ እኮ ነው» የዘወትር ንግግሩ ናት። ለዘመድ ሠርግ ወደ ዳንግላ ሲሄድ ሚኒባሱ ከልክ በላይ ጭኖ ትራፊክ ያስቆመዋል። ረዳቱ «አንድ ሰው ይውረድልኝ» ሲል ማን ወረደ? በዝናብ በእግሩ ዳንግላ ሲደርስ ድንኳኑ እየተፈታ ነበር። ድንኳን አፍራሾቹን አግዞ ተመለሰ።

ሚስቱ ዋጋዬ «ከዚህ ሰውዬ ጋር ገነት መግባቴ አይቀርም፤ እስከዚያው ግን በረሃብ እሞታለሁ» ትል ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በእኔና በእሱ ማሳ መካከል አንዲት ቁራጭ መሬት አለች። ለከሰል የደረሰ፣ ዲከረንስ የሚሉት የግራር ዛፍ ቆሞባታል። ባልና ሚስቱ የሚያፈሰውን ጣሪያቸውን ለመለወጥ ተስፋ ያደረጉት ያንን ዛፍ ነው። እኔ ደግሞ «አባቱ ድንበር ገፍተው የወሰዱት የእኛን መሬት ነው» ብዬ ሽማግሌ ፊት አቆምሁት። ማስረጃ አልነበረኝም። የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል።

«ምስክር አለህ?» አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

«ምስክሬ ራሱ ዓባይነህ ነው» አልሁ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የማደርገውን አውቅ ነበር።

ዓባይነህ ተነሣ። ዋጋዬን አየት አደረጋት። እሷ በዓይኗ ለመነችው።

«የድንበሩን ድንጋይ አባቴ ሲያዛውሩት እኔም አብሬ ገፍቻለሁ፤ ልጅ ነበርሁ» አለ። «ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ተቸግረው እኮ ነው።»

መሬቱ ለእኔ ተፈረደ። ዋጋዬ በዚያው ዕለት ልብሷን ጠቅልላ ወደ ወላጆቿ ሄደች። እስካሁን አልተመለሰችም።

በማግስቱ ጧት በሬን ስከፍት ዓባይነህ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ደጄ ላይ ተንበርክኳል። ስለ አባቱ በደል ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለኝ።

«ይቅር ለእግዜር» አልሁና ድንጋዩን አወረድሁለት። «ዛፉን አንተው ውሰደው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት።

ባለፈው ሳምንት ዛፉን አስቆርጬ ለከሰል ከመርሁት። ዓባይነህ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ክምሩን አፈር ሲያለብስልኝ ዋለ። ከገዛ ወንድሞቼ አብልጬ እወደዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ግን ቀና ብዬ ፊቱን ማየት አልቻልሁም።