ተቆርጧል ወይስ ገብቷል?

የጋሽ ተቀናሽ አንድ ቀን በዳቦ ሲሰላ አራት ዳቦ ይፈጃል። አንዱን ጠዋት በባዶ ሻይ ይበሉታል። የሁለቱ ዋጋ ወደ ጡረታ ቢሮ መሄጃ ለአውቶቡስ ነው፤ መመለሻው በእግር ስለሆነ አይቆጠርም። የአራተኛው ለኮፒ ነው። እራታቸው ልጃቸው ቤት ስለሆነ ከሂሳቡ ውጭ ነው፤ የምራታቸው ፊት ይታሰብ ከተባለ ግን የዳቦ ቤቱ መደርደሪያ በሙሉ አይበቃም።

የሰውን ደመወዝ ከባለቤቱ በላይ የሚከታተል ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ ሰፈር የደረሱት እሳቸው ናቸው። የወሩ መጨረሻ ላይ እኛ ከስፌት ፋብሪካ ስንመለስ፣ ክቡርነታቸው የግቢው በር ላይ በርጩማቸው ላይ ተሰይመው ይጠብቁናል።

«የደመወዝ ወረቀትሽን ወዲህ በያት።»

«ጋሼ፣ ልጄ እያለቀሰች ነው፤ መጀመሪያ ላጥባት።»

«አጥቢያት፤ በሌላው እጅሽ ወረቀቱን ስጪኝ።»

ጣታቸውን ቅጽል ስማቸውን ያወጣንበት «ተቀናሽ» የሚለው መስመር ላይ ይተክላሉ። «ተቆርጧል። ገብቷል ወይ?»

«ምን አውቄ።»

«እኔም ምን አውቄ ስል ነው ያረጀሁት።»

ክር ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። በየወሩ ለጡረታ ተብሎ ተቆርጦባቸዋል፤ ተቆረጠ ማለት ጡረታ ቢሮ ገባ ማለት መስሏቸው ነበር። ሲወጡ መዝገቡ ላይ የተገኘው ስምንት ዓመት ነው። የወር ጡረታ ለማግኘት ደግሞ አሥር ያስፈልጋል። የቀረውን አሠሪው ቆርጦ ኪሱ ከትቶታል፤ ፋብሪካው ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ነው።

«ስሜ የተጻፈበት ሣጥን የታለ?» ብለው ቢሮው ላይ ጮኹ።

«አባቴ፣ ሣጥን የለም» አለቻቸው ጸሐፊዋ። «ያኔ ከእርስዎ የገባው ለያኔዎቹ ሽማግሌዎች ተከፍሏል። የዛሬዎቹን የሚጦሩት ዛሬ የሚሠሩት ናቸው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጧሪዬ» ይሉኛል። ከእኔ የተቆረጠ አንድ ሳንቲም እጃቸው ገብቶ አያውቅም። እኔም ስሙ ያሳፍረኝ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጓሮ በር መግባት ጀምሬ ነበር።

ባለፈው ወር ግን በሬን አንኳኩ። በእጃቸው ስፌት ፋብሪካ የምንሠራው የአሥራ ሁለታችን የደመወዝ ወረቀት ኮፒ አለ። ለካ ያ አራተኛ ዳቦ የእኛ ኖሯል! ጡረታ ቢሮ ግማሽ ቀን ተሰልፈው ጠይቀውልናል።

«የአራት ወር ተቆርጧል። አልገባም።»

አሥራ ሁለታችንም ተያይዘን የፋብሪካችን ሂሳብ ሹም ቢሮ ገባን። «ገብቷል ወይ?» አልነው በአንድ አፍ። «ማነው ያስተማራችሁ?» አለ። በሁለት ሳምንት ገባ። ለልጄ ስነግራት የገባት ይመስል ሳቀች።

የእኛ ገባ፤ የእሳቸው እንደወጣ ቀረ። ቢሮው አብረዋቸው የሠሩ ሁለት ምስክሮች ከቀረቡ የጎደለውን ዓመት እቆጥራለሁ ብሏል። አንዱ ተገኝቷል። ሁለተኛውን ፍለጋ ትናንት በርጩማቸውን ይዘው ቤቴ መጡ፤ «ጧሪዬ፣ አንቺ ጽሕፈት ታውቂያለሽ፤ እኔ እንዳልኩት ጻፊው» አሉኝ። እንዳሉት ይኸው፦

«ክር ፋብሪካ፣ ማበጠሪያ ክፍል፣ ከጎኔ ይሠራ የነበረ፣ ፉጨት የምንለው ሰው አለ። ያያችሁት ንገሩልኝ። ጃንጥላዬን አልጠይቀውም፤ ይያዘው። መጥቶ ‹አብረን ተቆርጦብናል› ብሎ ይፈርምልኝ ብቻ።»