ቢሮ የሆነችው የእማማ ስንዱ ቤት

ለድሃ በአቅሙ ቤት ይገኝለት የሚሉ ደጋግ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ እዚሁ ደብረ ታቦር ገጥመውኝ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ድርጅት አቋቁመው በየከተማው አባላት አሏቸው፤ አንዱ ሲያዝን ሁሉም ያዝናል። ታዲያ ይህን ያህል ሐዘን ያለ ቢሮ ይሆናል እንዴ? ፈለጉና አገኙ። ያገኙት ጎረቤቴ እማማ ስንዱ ስንት ዘመን ተከራይተው የኖሩባትን ቤት ነው! አከራዩ የተሻለ ከፋይ ሲያገኝ አስወጣቸው፤ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነን ወደ ጋፋት መውጫ ወሰድነው።

ወር ሳይሞላ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ከድርጅቱ አንድ ትሑት ባለሙያ ቅጽ ይዞ ተቀምጧል።

«እማማ፣ የቀድሞ ቤትዎን ለምን ለቀቁ?»

«እናንተ ገባችሁበታ፣ ልጄ።»

ሰውየው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው። እሳት አለ፤ ጎርፍ አለ፤ የቤተሰብ ጠብ አለ። «እኛ» የሚል ግን የለም። በስመ አብ! «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ቀጠለ።

«ለምዝገባው ቢሯችን ብቅ ይበሉ። ቦታው ይጠፋዎት ይሆን?»

«ምን ይጠፋኛል! ይልቅ ያ በር ክረምት ሲገባ ያብጣል፤ በትከሻህ ገፋ አድርገው።»