ስኳር ለያዘው ሰው ሐልዋ

ድሬዳዋ ውስጥ በሽተኛን ባዶ እጁን የሚጠይቅ ሰው አይታችኋል? እኔ አላየሁም። የልጆቼን አባት ስኳር ያዘው ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ሐልዋ ይዞ መጣ። እሱ ደግሞ ሰው እንዳይቀየመው ብሎ ከሁሉም ይቀምሳል። እንዴት ያለ ይሉኝታ ነው! ሐኪሙ ግን ጣፋጭ ካልተወ እግሩን ሊያጣ ይችላል ብሎኛል፤ ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ጎረቤቴን ፋጡማን፣ «እህቴ፣ ያመመው እኮ ስኳር ነው!» ብላት፣

«ወላሂ ብዙ አላጣፈጥኩትም! በሽተኛ አፉን ይመረዋል ብዬ እንጂ» አለችኝ።

ምን ላድርግ? በር ላይ ቆሜ፣ «ስኳሩስ ተሽሎታል፣ አሁን ጥርሱን አሞት ማኘክ አቃተው» አልኩ። በማግስቱ ሁሉም የአትክልት ሾርባ ይዘው መጡ። ያው ሰው እንዳይቀየመው ጠጣላቸው።

ሲወጡለት፣ «አንቺ፣ ጥርሱ ድኗል ብለሽ ንገሪያቸው!» ብሎ ጮኸብኝ።

እኔ እንጃ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ጥርሱ እስከ ዛሬ አልተሻለውም እላለሁ።